ጨዋ ያልናት ልጅ

«ይቺ ልጅ እኮ በረከት ናት» ይሉን ነበር ልጅ የሚይዙልን አዴ፣ ከሥራ መልስ ልንወስዳት ስንሄድ። «በሩ ቢላተም አትነቃም። አራቱ ተባብረው ቢያለቅሱ እንኳ ዘወር ብላ አታያቸውም። እንዲህ ያለ ጨዋ ልጅ ይዤ አላውቅም።»

እህቴ ልጇን እየተቀበለች ትስቃለች። ቀኑን ሙሉ በክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ፊት ቆማ የዋለች ሴት ናት፤ ልጇ ሰው እንዳላስቸገረች ስትሰማ ትከሻዋ ወረድ ሲል ይታየኛል። እኔ ከኋላዋ የልጅቷን ቦርሳ ይዤ እቆማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ጨዋ የሚለውን ቃል እኔም ስሰማው ነው ያደግሁት።

አዴ በየቀኑ የበሽታ ምልክት ነበር የሚነግሩን። እኛ ምስጋና ብለን ሰማነው። እሳቸው ሊያውቁ አይችሉም፣ እህቴም እንዲሁ። ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

የምንኖረው ሰበታ ነው፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ በተከራየናት አንድ ክፍል ውስጥ። እህቴ በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። ባሏ በሱሉልታ በኩል ግንባታ ላይ ስለሚሠራ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ብቅ ይላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ከቆየሁ በኋላ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ተቀጠርኩ። የተማርኩት ሌላ ነው፤ የምሠራው ግን የታካሚ ስም መጻፍ፣ ካርድ ማውጣትና መመለስ ነው። ሥራውን ወድጄዋለሁ። ሰው በጠባብ መስኮት በኩል ስሙን ይነግረኛል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረኝ ከወረቀት ጋር ነው።

የእህቴ የወሊድ ፈቃድ ሲያልቅ ልጅቷ ገና አራተኛ ወሯን አልጨረሰችም ነበር። እናታችን ያለችው ተፍኪ ነው፤ ላሞቿንና ማሳዋን ጥላ መምጣት አትችልም። ሞግዚት መቅጠር አቅማችን አይደለም። የሰፈራችን የፋብሪካ እናቶች ልጃቸውን የሚያስይዙት አዴ ዘንድ ስለሆነ እኛም ወደዚያው ሄድን።

አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ትክክለኛ ስማቸውን ሲጠራ የሰማሁት ሰው የለም። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፤ የራሳቸውን ልጆች አሳድገው፣ ድረው፣ ባላቸውን ቀብረው፣ አሁን የሰው ልጅ ይይዛሉ። አምስት ሕፃናት። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት፤ የፊቱ ግድግዳ ጭቃ፣ የቀሩት ሦስቱ ቆርቆሮ። ወለሉ ላይ ሁለት የስፖንጅ ፍራሽ ጎን ለጎን ተነጥፏል፤ ልጆቹ በተርታ ይተኙበታል። ጡጦ እንዳይቀያየር በየጡጦው አንገት ላይ የተለያየ ቀለም ያለው ክር ታስሯል። የእኛ ቀይ ነበር።

ሰዓቱ ሲደርስ አዴ አምስቱንም ጡጦ አሙቀው ያመጣሉ። ከእያንዳንዱ ልጅ አገጭ ሥር ጨርቅ ጠቅልለው ያደርጉና ጡጦውን ያስደግፉበታል። ልጆቹ በጀርባቸው እንደተኙ ጣሪያውን እያዩ ይጠባሉ። ቤቱ ጸጥ ይላል። አዴ ምሳቸውን የሚቀምሱት፣ የሽንት ጨርቅ የሚያለቀልቁት በዚያች ጸጥታ ነው። ዘዴውን ያመጡት ራሳቸው ስለሆኑ ይኮሩበታል። «አየሽ? አምስት ልጅ በሁለት እጅ» ብለውኛል አንድ ቀን፣ መዳፎቻቸውን ዘርግተው እያሳዩኝ።

ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ለማስረዳት ከካርድ ክፍሌ ግድግዳ ባሻገር ያለውን ሰው ማስተዋወቅ አለብኝ። የሕፃናት ምርመራ ክፍሉን ከእኔ ክፍል የሚለየው ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። እዚያ የሚሠራው ጤና መኮንን ድምፁ ጎላ ያለ፣ ቀልድ የማያልቅበት፣ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነው። ግድግዳው በቀኜ በኩል ስለሆነ የሚለው ሁሉ ይሰማኛል።

«ጡጦ ነው የምትሰጪው? ተኝቶ ነው የሚጠጣው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም፤ ብትይኝ ግን አልቀየምም። አንቺ ተኝተሽ ውሃ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? በአፍንጫሽ አልመጣም? እሱም እንደዚያው ነው። ከአፍንጫ ጀርባ ወደ ጆሮ የሚሄድ ቀጭን ቱቦ አለ። በእኔና በአንቺ ወደ ታች ያዘቀዘቀ ነው፤ በሕፃን ግን አጭርና ጋደም ያለ ነው። ወተቱም፣ የጉንፋን ንፍጡም ሾልኮ ይገባና እዚያ ይመግላል። እናም ቀና አድርገሽ አጠጪው። ጭንቅላቱ ክንድሽ ላይ ከፍ ይበል።»

ከዚያ ይቀጥላል። ጡት ያላት ልጇን ጡት ታጥባ። ከሰል በሚጨስበት ቤት ልጅ አይተኛ። ጉንፋን የያዘው ልጅ ካልያዘው ጋር አይተኛ፤ እጅ ይታጠብ። ክትባት አይለፍ። ጆሮ ውስጥ ቅቤም፣ ዘይትም፣ የጡት ወተትም አይጨመር። በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይህንኑ ይላል። እኔ በቃሌ ይዤዋለሁ። ደክሞት አንዱን ሲዘልል በልቤ እሞላለታለሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ጠዋት ጠዋት ልጅቷን አዝዬ አዴ ደጃፍ የምደርሰው።

«አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» ይሉኛል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጄ።

«ናጋ፣ አዴ። እርስዎስ?»

«ደኅና ነኝ። አምጫት የኔን ጨዋ።»

በሩ ሲከፈት የከሰሉ ሽታ ይመጣል። ክረምት ነው፤ ብርዱ እንዳይገባ በሩ ተዘግቶ ነው የሚውለው። ከአምስቱ ቢያንስ ሁለቱ አፍንጫቸው ይዝረከረካል። ጡጦዎቹ አገጭ ሥር ተደግፈዋል። አፌን እከፍታለሁ። ከዚያ «ደኅና ይዋሉ» ብዬ እወጣለሁ።

ለትልቅ ሰው ሥራውን ማስተማር ለእኔ ከባድ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ቢቀየሙስ የሚል ፍርሃት ነበረኝ። አዴ «ካልተስማማችሁ ውሰዷት» ቢሉ የእህቴ ሥራ በማግስቱ ያበቃል። አንድ ጊዜ ብቻ ለእህቴ ነገርኳት፤ ሰርቪሷን ልትሳፈር ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ተኝተው ባይጠጡ ጥሩ ነው ይላሉ» አልኩ።

«እነማን?»

«ጤና ጣቢያ።»

«ታዲያ ለአዴ ንገሪያቸዋ። የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?»

«አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል ብዬ ነው።»

«እኔ ምን ልበላቸው? አምስቱን በየተራ እያቀፉ ያጠጡልን? እሳቸው ስንት እጅ አላቸው?» ሳቀች። «ደግሞ እኔና አንቺን እናታችን ምን ላይ አስቀምጣ ነው ያሳደገችን? ዙፋን ላይ?»

እኔም ሳቅሁ። ነገሩ እዚያው ቀረ።

በዚያው ክረምት ልጅቷ ጉንፋን ያዛት፤ ትኩሳት ተከተለ። ሁለት ቀን ስታለቅስ፣ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ፣ ቀኝ ጆሮዋን ስታሽ ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትራሷ ላይ ቢጫ እርጥበት አገኘን፤ ልጅቷ ግን ትኩሳቷ ለቋት ፈገግ ብላ ታየናለች። እህቴ በደስታ አለቀሰች። ለእናታችን ስንደውልላት «እሰይ፣ ወጣላት!» አለች። «ይውጣ፤ አታድርቁት። ጆሮ ላይ ከደረቀ ወደ ራስ ነው የሚወጣው። ቅዳሜ ጤና አዳም ይዤ እመጣለሁ።»

መጣች። የጤና አዳሙን ቅጠል ጨምቃ፣ ለጋ ቅቤ ለብ አድርጋ፣ በማንኪያ ጫፍ ጆሮዋ ውስጥ አንጠበጠበች። ልጅቷ እንዳትንቀሳቀስ ጭንቅላቷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጆሮ ውስጥ ምንም አይጨመር የሚለውን ድምፅ በቀኝ ጆሮዬ እየሰማሁት ማለት ይቻላል፣ ያዝኩላት። እናቴ ለእኔም ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ስትጨርስ ጥጥ ደፈነችበትና ግንባሯን ሳመቻት።

ሰኞ ዕለት ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ጤና መኮንኑ ያን ቀን ስላልነበረ አንዲት ነርስ አይታ ሽሮፕ አዘዘችላት፤ እስኪያልቅ ስጧት አለች። እህቴ ለአራት ቀን ሰጠቻትና የቀረውን ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ አስቀመጠችው። «ድናለች እኮ። ለሌላ ጊዜ ይሆናታል» አለች። ጠርሙሱን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጌ አየሁት፤ ከግማሽ በላይ ነበር። ወደ ቦታው መለስኩት።

ሌላው ጊዜ ብዙ ሳይቆይ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ግራ ጆሮዋም ጀመረ። ትኩሳት፣ ለቅሶ፣ እርጥብ ትራስ፣ ከዚያ ፈገግታ። ለምደነው ነበር። ማስታወሻ ደብተሬ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ የትኛው ጆሮ እንደሆነ፣ ትኩሳቱ ስንት ቀን እንደቆየ እጽፍ ጀመር። ለምን እንደምጽፍ ራሴን አልጠየቅሁም። መጻፍ ሥራ የሠራሁ ያስመስለኝ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው እንደገና ላለመውሰድ ሁልጊዜ ምክንያት አገኝ ነበር፤ እህቴ ፈቃድ አታገኝም፣ ልጅቷ አሁን ደኅና ናት። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ያ ሰው ከግድግዳው ወዲያ በየቀኑ የሚለውን ሁሉ የምሰማ መሆኔን ያውቃል። የገዛ ቤቴን ልጅ ይዤለት ስገባ ምን ይለኛል ብዬ አፈርኩ።

ዓመት ሞላት። ዓመት ከሦስት ወር ሆናት። ትስቃለች፣ ትሄዳለች፣ ዕቃ ትደብቃለች። ቃል ግን የለም። እናታችን ስትሰማ አልደነገጠችም። «አክስቷም ሦስት ዓመት እስኪሞላት አልተናገረችም። በእሷ ወጥታ ነው። ጨዋ!» አለች፣ እኔን ማለቷ ነበር። እህቴም ይህንኑ ለጎረቤት ትናገራለች። «አክስቷን ናት፤ ዝምተኛ።»

ስለ ግራ ጆሮዬ እስካሁን አልተናገርኩም። በግራ ጆሮዬ የምሰማው ጥቂት ነው። ልጅ ሳለሁ ተፍኪ ክረምት በገባ ቁጥር ይመግል ነበር፤ አንድ ክረምት ላይ መምገሉን ተወ፣ መስማቱንም አብሮ ተወ። ለማንም አልተናገርኩም። ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከግራ ጥግ እቀመጥ ነበር፣ ክፍሉ በሙሉ በቀኜ እንዲሆን። አንገቴን ደፍቼ ስጽፍ መዳፌን ዴስኩ ላይ አደርጋለሁ፤ መምህር ገብቶ ተማሪው ሲነሣ እንጨቱ ስለሚንቀጠቀጥ አብሬ እነሣለሁ። ዩኒቨርሲቲንም እንዲሁ ጨረስኩ። ያልሰማሁትን ድገሙልኝ ከማለት ፈገግ ማለት ይቀለኛል። ፈገግ የምትል ዝምተኛ ሴት ደግሞ ሰው ጨዋ ይላታል። ጠንቃቃ የሆንኩትም ከዚያ የተነሣ ይመስለኛል፤ ያልሰማሁትን በዓይኔ መያዝ ስላለብኝ።

ስለዚህ «አክስቷን ናት» ሲባል አልጠረጠርኩም ብል ውሸት ነው። ግን የእሷን ጆሮ ካነሣሁ የእኔም ይነሣል። ሃያ ዓመት የደበቅሁት ነገር ነው። ደግሞ ልጅቷ የሚሰማት የሚያስመስል ነገር ነበር። አዴ ቤት ሁልጊዜ የምትቀመጠው አንድ ቦታ ነው፤ ቆርቆሮው ግድግዳ ሥር፣ አንድ መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ። ልንወስዳት መጥተን ከቆርቆሮው ጋር የተያያዘውን የብረት በር ስናንኳኳ፣ ገና ሳንገባ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። «የእናቷን ኮቴ ታውቃለች!» ይላሉ አዴ። እህቴ በዚህ ምን ያህል ትደሰት እንደነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀትር ላይ እህቴ ቀድማ ወጥታ አብረን ሄድን። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። አዴ ልብስ እያሰጡ ነበር፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ልጆቹን ግቢው መሀል ምንጣፍ አንጥፈው አስቀምጠዋቸዋል። የእኛ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀምጣለች።

«ሚጡዬ!» አለች እህቴ ከበሩ ላይ።

ከልጃችን የሚያንሰው አንድ ወንድ ልጅ ዞረ። ሌላዋም ዞረች።

«ሚጡዬ! የኔ ቆንጆ! እማዬ መጣች!»

አልዞረችም።

«ኮርታብኝ ነው!» አለች እህቴ እየሳቀች። «ጠዋት ጥያት ስለሄድኩ ነው።»

«ጨዋታ ይዛ ነው» አሉ አዴ ከገመዱ ሥር።

እኔ ግን እጇን እያየሁ ነበር። በቀኝ እጇ ጡጦዋን ይዛለች። ግራ እጇን ወደ ጎን ዘርግታ አየሩን ትደባብሳለች፤ ምንጣፉን ነካች፣ አፈሩን ነካች፣ እንደገና አየሩን። ግድግዳውን እየፈለገች ነበር። መዳፍ ዴስክ ላይ ማድረግን የማውቅ ሰው ስለሆንኩ ሌላ ትርጉም ልሰጠው አልቻልኩም። የእናቷን ኮቴ ሰምታ አታውቅም። የብረቱ በር ሲንኳኳ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ ነበር የምታውቀው።

«አትሰማም» አልኩ።

«ምን?»

«አትሰማም አልኩሽ! ልጅቷ አትሰማም!» ድምፄ ምን ያህል እንደጮኸ ያወቅሁት አዴ የያዙትን ልብስ ሲጥሉት ነው። ልጆቹ በሙሉ ወደ እኔ ዞሩ፤ ከአንዷ በቀር።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ካርድ ለእሷ አውጥቼ ከግድግዳው ወዲያ ገባሁ። ጤና መኮንኑ ብርሃን ባለው መመልከቻ ሁለቱንም ጆሮዎች ለረዥም ጊዜ አየ። አልቀለደም።

«ስንት ጊዜ መግል ወጥቷል?»

እህቴ ወደ እኔ ዞረች። ደብተሬን አውጥቼ ጀርባውን ገልጬ ሰጠሁት። አነበበው። ሰባት መስመር ነው፤ ቀን፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ትኩሳት።

«በጣም ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል» አለ። ደብተሩን ዘግቶ መለሰልኝ። «ከእኔ እስከ አንቺ መቀመጫ ስንት እርምጃ ነው?»

መልሴን አልጠበቀም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚወስድ ሪፈር እየጻፈ ነበር። የክትባት ካርዷን ሲያይ ማኅተሞቹ በሙሉ በየቦታቸው ናቸው። «ይሄ ጠቅሟታል» አለ እህቴን። «ባይኖር የባሰ ይሆን ነበር። ግን ብቻውን አይበቃም።» ለእኔ ሌላ ነገር አልተናገረም። ያን ቀን ለሌሎች እናቶች ምክሩን ሲሰጥ ድምፁ ዝቅ ያለ መሰለኝ። ወይም እኔ መስማት አልፈለግሁም።

አዲስ አበባ ብዙ ተመላለስን። የሁለቱም ጆሮ ታምቡር ተበስቷል፤ የምትሰማው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ፈሳሹ መድረቅ አለበት፤ ከዚያ የመስሚያ መሣሪያ፣ ለእሱም ተራ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀዶ ጥገናው ደግሞ ካደገች በኋላ ነው፣ ከተቻለ። ሐኪሟ ቀስ ብላ ነው ያስረዳችን። «አሁን ቃል የምትለቅምበት ዕድሜ ነው» አለች። «የሚያስቸኩለኝ እሱ ነው።» ተራችን ግን ገና ሩቅ ነበር።

በመልሱ ሚኒባስ ውስጥ እህቴ በግራዬ ተቀመጠች፤ ልጅቷ ጭኗ ላይ ተኝታለች። በመስኮት እያየሁ ነበር። ፉሪን ካለፍን በኋላ ክንዴን ጎተተችኝ።

«ሦስት ጊዜ ጠየቅሁሽ እኮ!»

«ምን?»

«ይኸው! ምን ሆነሻል?» ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ልጇን አየች። ከዚያ እንደገና እኔን። «በየትኛው ነው?» አለች በጣም ቀስ ብላ።

«በግራ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ሚኒባስ ውስጥ፣ ረዳቱ «ሰበታ፣ ሰበታ» እያለ። እህቴ ትቆጣለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ታዝንልኛለች ብዬ ነበር። ተቆጣች።

«ስለዚህ ታውቂ ነበር።»

«ስለ ጡጦው ነግሬሽ ነበር።»

«አንዴ! አንዴ ነገርሽኝ፣ ሳቅሁ፣ ተውሽው። ስለ ጆሮሽ ብትነግሪኝ እስቅ ነበር? እናትሽ ያን ነገር ስታንጠበጥብ የልጄን ጭንቅላት የያዝሽው አንቺ ነሽ። ‹እኔ በዚህ ደንቁሬያለሁ› ማለት አቅቶሽ!»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ያለችው ሁሉ ልክ ነበር። እናቴን ጤና አዳሙ ነው ያደነቆረኝ ብዬ አልከስስም፤ መግሉ ነው፣ ሳይታከም መቅረቱ ነው። ግን ያልኩት ነገር አልነበረም፤ ዋናው እሱ ነው። ሰበታ ስንደርስ ዱላ ይዘው የሚሄዱ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች መንገድ ሲሻገሩ ሚኒባሱ ቆመላቸው። በዚህ ከተማ ዱላቸውን አይቶ የማይቆም ሹፌር የለም። ልጃችን በዚህ መንገድ ዳር ስትሄድ ከኋላዋ ጡሩንባ የሚያሰማት ሰው ምን አይቶ ያቆማል ብዬ አሰብኩ።

እህቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን አላናገረችኝም። ስታናግረኝ ግን መጀመሪያ ዞራ በቀኜ ትመጣለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አዴ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። የምለውን በወረቀት ጽፌ ነበር፤ ሳላወጣው ቀረሁ። አምስቱ ጡጦ እንደተደገፉ ደረስኩ፤ በእኛ ልጅ ቦታ ሌላ ሕፃን ገብቷል፣ አረንጓዴ ክር። የእኛዋ ቆርቆሮው ሥር ናት። ሰላም እንኳ ሳልል አረንጓዴውን ልጅ አነሣሁና ጭኔ ላይ ቀና አድርጌ፣ ጭንቅላቱን ክንዴ ላይ ከፍ አድርጌ ጡጦውን ያዝኩለት። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ቱቦውን፣ ወተቱን፣ ጉንፋኑን፣ ከሰሉን። ከዚያ ስለ ራሴ ጆሮ።

እስክጨርስ የአዴ ዓይን ከእኛ ልጅ ላይ አልተነሣም።

«ከአንድ ዓመት በላይ» አሉ በመጨረሻ፣ «በየጠዋቱ በዚህ በር ገባሽ። አንቱ፣ አንቱ፣ እንደምን አደሩ፣ ደኅና ይዋሉ። ጨዋ ልጅ ናት እልሽ ነበር፣ አንቺንም።»

«ይቀየሙኛል ብዬ ነው።»

«እቀየምሽ ነበር። ሦስት ቀን። ከዚያ እረሳዋለሁ። አሁን እሷን እንዴት አድርጌ ልርሳት?» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ እጄ ሁለት ነው። የምታውቂ አንቺ ነበርሽ።»

ተነሥተው በሩን ከፈቱ። ምድጃውን አንሥተው ወደ ግቢ አወጡት። ከዚያ ከአራቱ ልጆች አገጭ ሥር ጨርቁን አንድ በአንድ ሳቡት። ልጆቹ ጡጦው ሲወድቅባቸው ጮኹ። አዴ አንዱን አነሥተው አጠገቤ ተቀመጡና እኔ እንደያዝኩት ያዙ፤ ሦስቱ ተራ እየጠበቁ ያለቅሳሉ።

ዛሬም እንዲሁ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ጥቂት ደቂቃ እሄዳለሁ፤ አንዱን እይዛለሁ፣ አዴ ሌላውን። የቀሩት ይጮሃሉ። ጎረቤት ያማርራል። «ቤቴ ገበያ ሆነ» ይላሉ አዴ፤ ከእነዚያ ልጆች የአንዱም ትራስ እስካሁን ሲረጥብ አላየንም፣ ነገ ምን እንደሚሆን ግን አላውቅም። ክረምቱ ገና እየገባ ነው።

የእኛ ልጅ ሁለት ዓመት አልፏታል። የመስሚያ መሣሪያው ተራዋ አልደረሰም። ያ ሁሉ ለቅሶ በሚያናውጠው ክፍል ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ቆርቆሮው ሥር ትቀመጣለች። አንዳንዴ፣ ለቅሶው በጣም አይሎ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ፣ መዳፏን ከግድግዳው ላይ ታነሣና ታየዋለች። ከዚያ መልሳ ታስቀምጠዋለች።